አንዴ ብቻ የተጠየቅሁበት ክረምት

ሐምሌ 4 ቀን 2017፣ አፍንጮ በር

ዛሬ ረፋድ ላይ አራት ኪሎ ካለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። የደወለችው ብርኽቲ የምትባል ወጣት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት፤ ድምጿ እንደ ዜና አንባቢ የተስተካከለ፣ ቃሏም የተመጠነ። ዘንድሮ በዓለም ዙሪያ የኳንተም ሳይንስ ዓመት ሆኖ በመሰየሙ፣ መንግሥት ይህን ሳይንስ ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ለደከሙ ሰዎች በመስከረም ዕውቅና ሊሰጥ ማሰቡን ገለጸችልኝ። እኔና ወይዘሮ ረይሀና በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ፒያሳ በሚገኘው በኡመር ኬክ ቤት የጓሮ ክፍል የምናካሂደው ውይይትም ወሬው ከበላይ አካል ዘንድ መድረሱን ነገረችኝ። በመጨረሻም "ዕውቅናውን ለመቀበል ፈቃደኛ ነዎት?" ስትል ጠየቀችኝ።

ያደግሁበት ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያውቀው የመጀመሪያ መልስ አንድ ነው። "ኧረ በጭራሽ። እኔ ምን ሠራሁና ነው? ከእኔ የሚበልጡ ስንት አሉ" አልኋት።

"ስለ ትሕትናዎ እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ" አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ከጆሮዬ ሳላነሣው ጥቂት ቆየሁ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ለነገሩ ሽልማት የሚያጓጓው ዕድሜ ላይ አይደለሁም። በሚኒስትር ዴኤታነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት የስንቱን አንገት በሜዳሊያ አስጊጫለሁ፤ የሜዳሊያን ክብደት የማውቀው በእጄ እንጂ በአንገቴ አይደለም። ይህንንም የጻፍሁት በቅሬታ አይደለም።

ሐምሌ 6

አልተደወለም። ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው።

ሐምሌ 8

አልተደወለም። ከባድ ዝናብ ስለዋለ ኔትወርኩ ሳይበላሽ አልቀረም። የየሺ ስልክ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ።

ሐምሌ 9

ነገሩን ለባለቤቴ ለየሺ በራት ሰዓት አነሣሁላት፤ እንደ ተራ ወሬ፣ ከዝናቡና ከቲማቲም መወደድ መካከል አድርጌ። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስንት ጊዜ ጠየቀችህ?"

"አንድ ጊዜ።"

"በቃ፣ ቀረብህ።"

ብርኽቲ የተማረች ልጅ መሆኗን፣ ደግማ መደወሏም እንደማይቀር አስረዳኋት። የሺ ግን የድሮ ነገር አነሣች። የላክኋቸውን ሽማግሌዎች አባቷ ሁለት ጊዜ "አይሆንም" ብለው ከደጃፍ እንደመለሷቸው፣ በሦስተኛው ግን ጠላ ቀርቦ እንደጠበቃቸው አስታወሰችኝ። "ያን ጊዜ የተላከችው ያቺ ልጅ ብትሆን ኖሮ" አለችኝ፣ "ዛሬ ይህን ሽሮ የምትበላው ብቻህን ነበር።"

የአራዳ ልጅ አግብቶ በሰላም ራት መብላት አይቻልም።

ሐምሌ 14

ኡመር ቤት ማኪያቶ ጠጣሁ። አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ኡመር ከቀድሞው ኬክ ቤቱ ይዞት የወጣው አንድ ነገር ባንኮኒውን ነው፤ አባቱ ከጣሊያን የገዙት ረጅም የእንጨት ባንኮኒ። አዲሱ ቤት መስታወትና መብራት ብቻ ስለሆነ፣ ባንኮኒው በሠርግ ላይ እንደተገኘ ሽማግሌ ጥግ ይዞ ቆሟል።

ኬክ አቀረበልኝ። "ይቅርብኝ፣ ስኳር ከልክለውኛል" አልሁት። "ትንሽ ብቻ" አለ። "ግድ የለህም" አልሁት። "በሞቴ፣ ጋሼ" አለና ሳህኑን ፊቴ አኖረው። በላሁ። ሰው የሚያቀርበውን ነገር እንዲህ ነው የሚያቀርበው። አንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ኬክ ጋጋሪ የሚማረው ነገር አለ።

ኡመር ባንኮኒውን እየወለወለ፣ ወይዘሮ ረይሀናም ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተቀምጠው ሳለ ከመሥሪያ ቤቱ ተደውሎላቸው እንደነበር አጫወተኝ። "አቶ ዓምደሚካኤል እያሉ እኔ ማን ነኝና?" ብለው እኔን ጠቅሰው መለሱ አለ። እርሳቸውም ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለረጅም ጊዜ እያገላበጡ ሲያዩት ነበር።

ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ወይዘሮ ረይሀና ፊዚክስ ሲያስተምሩ ጠጉራቸውን ያሸበቱ መምህርት ናቸው። በመድረካችን ላይ እኔ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግር አደርጋለሁ፤ በመካከል ያለውን ሳይንሱን የሚያስረዱት እርሳቸው ናቸው። ለራሴ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ለእርሳቸው ግን ዝም ማለት በደል ነው። ነገ ሳይሆን ሳምንቱ ሳያልቅ አራት ኪሎ ወርጄ ስለ እርሳቸው እነጋገራለሁ።

ስለ እርሳቸው።

ሐምሌ 18

አራት ኪሎ ሄድሁ። ብርኽቲ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀበለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይነ ጥሩ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት አቧራ የሌለባት ልጅ ናት።

"ሻይ ላዝዝልዎ?"

"አይ፣ አትቸገሪ ልጄ።"

አልተቸገረችም። ለራሷ አዝዛ ጠጣች። ቅርንፉዱ ከእኔ ዘንድ ድረስ ይሸት ነበር።

የወይዘሮ ረይሀናን ነገር አነሣሁ። እርሳቸውም በክብር አለመፈለጋቸውን ገልጸዋል አለች። እዚህ ላይ ስለ ባህላችን ጥቂት ማብራሪያ ለመስጠት ተገደድሁ፤ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው "አይ" መልስ ሳይሆን ሰላምታ መሆኑን፣ ሁለተኛው ማመንታት፣ ሦስተኛው ደግሞ መቀበል መሆኑን በምሳሌ አስደግፌ አስረዳሁ። ንግግሬ የተዋጣ ነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ባህሉን አውቀዋለሁ፣ ክቡርነትዎ" አለችኝ። "እኔ ግን ያደግሁት የትልቅ ሰው ቃል አንድ ነው እየተባልሁ ነው። አይሆንም ያለኝን አባት ደግሜ ብጠይቅ፣ የመጀመሪያ ቃሉን ሐሰት ነው እንደማለት አይሆንብኝም?"

በአገልግሎት ዘመኔ ከብዙ ተደራዳሪዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። እንዲህ ባለ አክብሮት መውጫ ያሳጣኝ የለም።

ታዲያ ከመድረካችን ዕውቅና የሚቀበል ማንም የለም ማለት ነው ስል ጠየቅኋት። አለ አለችኝ። ሦስተኛ ሰው ጠይቀው ወዲያው እሺ ብሏል።

ኡመር።

ሐምሌ 19

ባንኮኒው ዘንድ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። አላፈረም።

"ተጠየቅሁ፣ እሺ አልሁ። ምን ልበል ጋሼ? ክፍሉ የኔ፣ ወንበሩ የኔ፣ ማኪያቶው የኔ። ኳንተሙ ብቻ ነው የናንተ።"

"መድረክ ላይ ኳንተም ምን ማለት ነው ብለው ቢጠይቁህስ?"

"ወይዘሮ ረይሀናን ጠይቁ እላለሁ።"

ወደ ቤት ስመለስ እስከ አምስት ኪሎ ድረስ በዚህ መልስ ተናድጄ ሄድሁ። ከአምስት ኪሎ በኋላ ግን፣ እኔም በመክፈቻ ንግግሮቼ ሁሉ በሌላ ቃል ያልሁት ይህንኑ እንደሆነ ታሰበኝ። የእርሱ አጭር በመሆኑ ይሻላል።

ስለ እንዲህ ያለ ነገር መጨነቅ ዕድሜዬን አይመጥንም።

ሐምሌ 26

የወሩ ውይይት ዛሬ ተካሄደ። ዝናቡ ሳይበግራቸው መጡ፤ ከፒያሳ ተነሥተው ከከተማው ዳር የሰፈሩት የድሮ ጎረቤቶቻችን ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ነው የሚመጡት። ለኳንተም ይሁን እርስ በርስ ለመተያየት አልጠየቅኋቸውም።

የክፍሉ በር ላይ ከወይዘሮ ረይሀና ጋር ተገናኘን።

"ይቅደሙ" አሉኝ።

"በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"እርስዎ እያሉ እኔ?"

ሌላ ጊዜ ይህ ደስ የሚል ነገር ነበር። ዛሬ ግን ሁለታችንም ስለ ሌላ በር እየተነጋገርን እንደሆነ ተሰማኝ፤ እርሳቸውም ዓይናቸውን መለስ አደረጉ። ኡመር ትሪ ተሸክሞ በመካከላችን አልፎ "እኔ ገብቻለሁ" አለ።

ውይይቱ አልተሳካም። ወይዘሮ ረይሀና አንዲት ኢምንት ቅንጣት ከመለካቷ በፊት እዚህ ናት ወይም እዚያ ናት ማለት እንደማይቻል፣ ስትለካ ግን አንዱን እንደምትይዝ፣ ወዲያው ደግመው ቢለኳትም ያንኑ መልስ እንደምትሰጥ በሚገባ አስረዱ። በምሳሌነት ሳጥን ውስጥ ስለተዘጋባት፣ ሳጥኑ እስኪከፈት ሙታለች ወይም አለች ስለማይባልላት ድመት ተናገሩ። የድሮው ልብስ ሰፊ አቶ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። እኚህ ሰው ስለ ድመቷ መጠየቅ ከጀመሩ ዓመት ሊሆናቸው ነው።

"ልጄ፣ ይህችን ድመት ማን ነው የዘጋባት? እስከ ዛሬ አላወጣችኋትም?"

ድመቷ ምሳሌ እንደሆነች ነገርኋቸው። ምሳሌም ቢሆን ትራባለች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ ድመት ሆነ። ኡመር ኬክ ቤት ውስጥ የሞተ ድመት እንዳይነሣ በአክብሮት አሳሰበ።

የመዝጊያ ንግግሬን አሳጠርሁት። ከወይዘሮ ረይሀና ጋር ስለ ስልኩ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ተለያየን። እርሳቸው የተዉት ለእኔ ሲሉ ነው። እኔ የተውሁት ለማን ብዬ እንደሆነ ግን ከልቤ ብጠየቅ… ማንም አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 2

ጾም ገብቷል። ኡመር የጾም ኬክ አቀረበልኝ፤ እንቢ አልሁት፤ ሦስት ጊዜ ለመነኝ፤ ሦስት ጊዜም እንቢ አልሁት። እንደ ተቀየምሁት ቆጠረው። አልተቀየምሁም።

ነሐሴ 7

ጥቁር ሱፌን ለላውንደሪ ሰጠሁ። ለማንኛውም። ክረምት ስለሆነ ልብስ ይሸታል።

የሺ ሱፉ ሲወጣ አይታ "የማን ሠርግ ነው?" አለችኝ። የማንም አልኋት።

ነሐሴ 9

አሳሳቢ ነገር ተፈጥሯል።

ባንኮኒው ዘንድ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ሳለ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው የድሮው ሚኒስትር ዴኤታ ከመንግሥት የመጣለትን ሽልማት አልቀበልም ማለቱን ለሌላው ይነግረዋል። ሌላው "ኩራት ነው" ሲል፣ ያኛው "ኩራት አይደለም፣ መልእክት ነው" አለው።

ምን መልእክት? ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ነሐሴ 11

ሙደሲር ደወለ። በአገልግሎት ዘመናችን በአንድ ኮሪደር የሠራን የልብ ወዳጄ ነው፤ አሁን በጡረታ ቦሌ ይኖራል። ለወራት ድምፁን አልሰማሁም ነበር። "ኮርተንብሃል" አለኝ።

ምንም ዓይነት አቋም አለመያዜን፣ ነገሩ ተራ የይሉኝታ ጉዳይ መሆኑን ላስረዳው ሞከርሁ።

"ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" አለኝ። "በስልክ አናወራም።"

ኧረ እናውራ አልሁት። ሳቀና ዘጋው። ሰው በአንዲት "ኧረ በጭራሽ" ምክንያት በሰባ ስድስት ዓመቱ ታጋይ ይሆናል።

ይህን ለየሺ ስነግራት፣ ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ተቃውመህ አታውቅም አለችኝ፤ ተቃወምህ የተባልኸው ደግሞ በጣም የፈለግኸውን ነገር ሆነ።

በጣም የፈለግሁት የሚለውን ቃል አርሜያታለሁ።

ነሐሴ 16

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የብርኽቲ ቁጥር መሆኑን አየሁ፤ ቁጥሩን በስሟ የመዘገብሁት ለወደፊት የሥራ ግንኙነት እንዲያመች ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሣሁት።

"ክቡርነትዎ፣ አንድ ነገር በድጋሚ ላስቸግርዎ ነበር። ፈቃድዎ ከሆነ…"

"ፈቃዴ ነው" አልኋት። "እቀበላለሁ።"

ጥያቄዋን ገና እንዳልጨረሰች በጨዋ ድምፅ ነገረችኝ። ጥያቄው፣ በበዓሉ ዕለት ለአቶ ኡመር ካባውን የሚያለብስ አንድ አንጋፋ ሰው ስላስፈለገ፣ ለዚህ ፈቃደኛ እሆን እንደሆነ ነበር።

አሁን አይሆንም እንዳልል፣ ፈቃዴ ነው ብያለሁ፤ የትልቅ ሰው ቃል ደግሞ አንድ ነው።

"በታላቅ ደስታ" አልኋት።

ሱፌ ከላውንደሪ ተመልሷል። ቢያንስ ይለበሳል።

ነሐሴ 24

ይህን በስፋት ልጻፈው።

ዛሬ ለውይይቱ ከቤት ስወጣ ጃንጥላዬን ረስቼ ኖሯል። የሺ ይዛልኝ መጣች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ወደ ጓሮው ክፍል ገብታ አታውቅም፤ ኳንተም የሚባለውን ነገር ከእኔ አፍ በቤቷ የሰማችው ይበቃታል። ዝናቡ ስለበረታ ግን ከኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የመክፈቻ ንግግሬን በኪሴ ይዤ ነበር። አቶ እንድሪስን አየሁ፤ ዓይናቸው ውስጥ ድመቷ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሳላወጣ፣ እንዴት እንደጀመርሁት ሳላውቀው፣ ስለ እንግዳ ማውራት ጀመርሁ።

እንግዳ ቤታችሁ ይመጣል አልኋቸው። ብላ ስትሉት አልበላም ይላል። በልቶ ነው የመጣው ወይስ ርቦታል? አይታወቅም። ያ አንድ "አይ" እሺ ነው ወይም እንቢ ነው ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ቤተሰቡ ደግሞ የሚጠይቀው፣ የሚያጎርሰው፣ በሞቴ የሚለው። አሁን ግን አንድ ሌላ ዓይነት ባለቤት አስቡ። አንድ ጊዜ ይጠይቅና መሶቡን ይከድናል። መሶቡ ከተከደነ በኋላ እንግዳው በልቶ የመጣ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ሆዱ የፈለገውን ቢል ከዚያ ወዲያ የሚታወቀው በጠገበ ሰውነቱ ነው። መለካት ማለት ይህ ነው። ጠያቂው ያገኘው መልስ ቀድሞ የነበረውን ማየት ብቻ አይደለም፤ መጠየቁ ራሱ ነገሩን ወደ አንዱ ይወስደዋል።

የድሮ ጎረቤቶቻችን እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ። አቶ እንድሪስ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"እንዲህ ነው እንዴ? ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉንም? ሰውየው እንዴት ሆነ ታዲያ?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ሳይበላ የቀረው።"

"የማውቀው ሰው ነው" አልሁ።

"እኔም አውቀዋለሁ" የሚል ድምፅ ከኋላው ወንበር መጣ።

ወይዘሮ ረይሀና ግን የሳይንስ ሰው ናቸው፤ አድናቆት አያዘናጋቸውም። ከመቀመጫቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ምሳሌው ግሩም ነው" አሉ፣ "ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። እንግዳው መራቡን ራሱ ያውቃል፤ መልሱ በሆዱ ተደብቋል። ኤሌክትሮን ግን የደበቀው መልስ የለውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ለተማሪ እንደሚነገር ቀስ ብለው ጨመሩ። "ኤሌክትሮን አይመኝም፣ አቶ ዓምደሚካኤል።"

እንግዳው እስኪጠየቅ ድረስ መራቡን ላያውቅ ይችላል ብዬ ተከራከርሁ። ፈገግ አሉ። ያውቃል አሉ፤ ስልኩን ይዞ የሚዞር እንግዳ ያውቃል።

ዝናቡ ቀለል እስኪል ከወይዘሮ ረይሀና ጋር በባንኮኒው ዘንድ ቆመን ቆየን። እርሳቸው ናቸው የጀመሩት። ደግመው ይደውላሉ ብለው ሐምሌን ሙሉ ስልካቸውን ሶላት ላይ ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርገው አጠገባቸው እንዳስቀመጡ፣ ለዚህም ፈጣሪን ይቅርታ እንደለመኑ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር፤ የሳቁት ግን ለእኔ እንዲቀለኝ ነው። እኔም በበኩሌ ሐምሌን እንዴት እንዳሳለፍሁ ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶብኝ እንደነበር ነገርኋቸው።

ከአፍንጮ በር በታች ያለውን ዳገት ከየሺ ጋር በአንድ ጃንጥላ ወጣን። ዛሬ ገባኝ አለች። ኳንተሙ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መስከረም 9 ቀን 2018

የዕውቅናው በዓል ዛሬ ሆነ።

አዳራሹ ሞልቷል። ኡመር አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ጢሙን ተከርክሞ፣ ከፊት ተቀምጧል። ወይዘሮ ረይሀና ከእኔ ጎን። ሙደሲርም መጥቷል፤ ከሩቅ ሆኖ እንደ ምስጢር ተባባሪ ጠቀሰኝ።

የኡመር ስም ተጠራ። ካባውን ከብርኽቲ እጅ ተቀበልሁ፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዳሩ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። አለበስሁት። ተጨበጨበ። መድረክ መሪው አንድ ቃል እንዲናገር ማይኩን ሰጠው።

ኡመር ወደ አዳራሹ አየ፣ ወደ እኛም አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ኬክ ጋጋሪ ነኝ" አለ። "አንድ ጊዜ ተጠየቅሁ፣ እሺ አልሁ። እሺ ያልሁትም አንዳችን እንኳ እሺ ካላልን ነገሩ ከቤታችን ሊወጣ ነው ብዬ ነው። አሁን ቤት ስለደረሰ ለባለቤቱ ልመልስ።"

ካባውን ከትከሻው አወረደና ወደ ወይዘሮ ረይሀና ይዞት መጣ። እርሳቸው በድንጋጤ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ኧረ በጭራሽ፣ አቶ ዓምደሚካኤል እያሉ። ካባውንም ተቀብለው በእኔ ክንድ ላይ አኖሩት። መድረክ መሪው የመርሐ ግብሩን ወረቀት ያገላብጥ ነበር፤ ይህ የትኛውም ገጽ ላይ የለም።

ካባው በእጄ ሆነ። ከኡመር ትከሻ ስለመጣ ገና ይሞቅ ነበር። እንዳሰብሁት ከባድ አይደለም።

"ይገባዎታል፣ ይልበሱት" አሉኝ ወይዘሮ ረይሀና። ቀጥለውም ደግመው "እባክዎ" አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁት ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነበር። ጠበቅሁት ማለቴ ሳይሆን፣ ይመጣል ብዬ ያሰብሁት። መጣ። አዳራሹም አየን። አይሆንም አልኋቸው። የዘንድሮው "አይ" ሁሉ አንድ ነገር በሆዱ ነበረው፤ ይኼኛው ግን ምንም አልነበረውም፣ ባዶና ንጹሕ ነበር። ስሰማው ራሴን ገረመኝ።

"እርስዎ ይቅደሙ" አልኋቸው።

"አይሆንም።"

"ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ይቅደሙ።"

"ኧረ ግድ የለም…"

"በሞቴ" አልኋቸው።

በሞቴ ከተባለ በኋላ የሚባል ነገር የለም። አንገታቸውን ደፉ፤ እኔና ኡመር ከግራና ከቀኝ ይዘን አለበስናቸው። ሻሻቸው ላይ የወርቁ ጥልፍ ሲያርፍ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ ቀድሞ ያስተማሯቸው ሰዎች፣ አሁን እነርሱም ሽበት ያወጡ፣ "ቲቸር" እያሉ ይጣሩ ነበር። ከተቀመጥን በኋላ ወይዘሮ ረይሀና ካባውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዳስሱት አየሁ።

ብርኽቲ ከመድረኩ ጥግ ቆማ ነበር። በአጠገቧ ሳልፍ "ለካ እስከ ሦስት ነው" አለችኝ። እንደዚያ ነው አልኋት። ሻይ ላዝዝልዎ አለችኝ። አዎ፣ ቅርንፉድ ያለበት አልኋት።

መስከረም 12

እኩለ ቀን ላይ ብርኽቲ ደወለች። የነሐሴው ውይይታችን ወሬ ከመሥሪያ ቤቱ ደርሷል፤ የእንግዳውና የመሶቡ ምሳሌ በየትምህርት ቤቱ በሚሰቀል ፖስተር ላይ እንዲታተም ተወስኗል። ምሳሌውን የተናገረው ሰው ስም ከግርጌው ይሰፍር ዘንድ ፈቃዴ መሆኑን ለመጠየቅ ነው የደወለችው።

ኧረ እኔ ምን ሠራሁና የሚለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

"ይስፈር" አልኋት። "ዓምደሚካኤል። በዓይኑ ዓ ጻፊው። ከሥሩም 'ኤሌክትሮን አይመኝም' ብለሽ ጨምሪ፤ እርሱ የወይዘሮ ረይሀና ነው፣ ስማቸውም ይጻፍ።"

"ለማረጋገጥ ደግሜ ልጠይቅዎ?" አለችኝ። ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

"አያስፈልግም፣ ልጄ።"

ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ውስጥ ጥቂት ተንጎራደድሁ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ። የሺ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

"ማን ነው የደወለው?" አለችኝ።

"ኧረ ተይው፣ ምንም አይደል" አልኋትና ጠበቅሁ።

"እሺ" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።